የላኦ አፈ ታሪክ በውክፔዲያ፦ የሚያጠራጥረው እንዴት ይጣራል?

ጥያቄ (ተርጓሚው)
ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ላኦስ አፈ ታሪክ ከእንግሊዝኛው ወደ አማርኛው ውክፔዲያ ልተረጉም ከያዝኳቸው ጽሑፎች ሦስቱ አጠራጥረውኛል። አንዱ በሜኮንግ ወንዝ ይኖራል ስለሚባለው ታላቅ እባብ ስለ ናጋ ነው፤ የአሜሪካ ወታደሮች ተሰልፈው ታቅፈውት የሚታይ ፎቶ አለበት፣ «ላኦስ 1973» ይላል። ሁለተኛው ስለ አንድ የጫካ መንፈስ ሲሆን ምንጩ አንድ ብሎግ ብቻ ነው። ሦስተኛው የጉርጦች ንጉሥ ፓያ ካንካክ፤ ታሪኩ ከቦታ ቦታ አይገጥምም። የቱን ልተው?

መልስ (ምስል አጣሪ)
ፎቶውን ተወው። ኦርፊሽ የሚባል ረጅም የባሕር ዓሣ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1996 ካሊፎርኒያ፣ ኮሮናዶ ዳርቻ የተገኘ፣ 7 ሜትር ገደማ የሚሆን። የታቀፉትም የባሕር ኃይል ሰዎች ናቸው። በፖስተር የሚሸጠው ግን «ጁን 27 ቀን 1973፣ 7.80 ሜትር» የሚል መግለጫ ተለጥፎበት ነው፤ ሰው የሚያምነውም ቀንና ልክ ስለተጻፈበት ነው። ራስህ ለማየት ጽሑፍ ያለበትን ጠርዝ ቆርጠህ ምስሉን ብቻ ቲንአይ ላይ (ምስል በምስል የሚፈለግበት ድረ ገጽ) አስገባና ከጥንታዊው ጀምሮ ደርድረው። ሳትቆርጥ ካስገባኸው ያው ፖስተሩ ተመልሶ ይመጣልሃል።

ጽሑፉን ግን በሙሉ አትጣል። የናጋ እምነት ዛሬም ሕያው ነው፤ የቡድሃ መነኮሳት የዝናብ ወር ሱባኤ ሲያበቃ፣ ብዙውን ጊዜ በኦክቶበር፣ ሕዝብ ከወንዙ የሚወጣውን «የናጋ እሳት» ለማየት ታይላንድ ውስጥ ኖንግ ካይ አካባቢ ይሰበሰባል። «ይታመናል» እያልክ ተርጉም።

መልስ (ብራና ወዳጅ)
ስለ ጫካው መንፈስ፦ የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ «ታሪክ» የሚለውን ገጽ (የእትሞቹን መዝገብ) ከፍተህ የመጀመሪያውን እትም ቀን ያዝ። ያ ፍጡር ከዚያ ቀን በፊት የትም ካልተጻፈ ጥርጣሬህ ይጠነክራል። ብሎጉን ዌይባክ ማሽን ላይ (የድረ ገጾች የቆዩ ቅጂዎች የሚቀመጡበት ማኅደር) እይ፤ የመጀመሪያው ቅጂ ቀን ግን የተጻፈበት ቀን አይደለም፣ ቢያንስ በዚያን ቀን እንደነበረ ብቻ ነው የሚነግርህ። ብሎጉ ከውክፔዲያው በኋላ የመጣ ከሆነ ግልባጭ እንጂ ምንጭ አይደለም። መጻሕፍት ስትፈልግም የኅትመት ዓመቱን ገድብ፤ ከውክፔዲያ ተገልብጠው የሚታተሙ አሉና። ስሙን በላኦ ፊደልም ፈልገው። በላቲን ፊደል ወጥ አጻጻፍ የለውም፤ በፈረንሳይኛው ልማድ በኤክስ የሚጀምር ስም ሌላ ቦታ በኤስ ይጻፋል።

የላኦ የእጅ ጽሑፎች ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት ከ12,000 በላይ ጽሑፎች በነጻ ያሳያል፤ አብዛኞቹ በዘንባባ ቅጠል ላይ የተጻፉ ናቸው። እዚያ ከተገኘ ትልቅ ማስረጃ ነው። ካልተገኘ ግን ሐሰት ነው አትበል፤ የመንደር መናፍስት ነገር አብዛኛው በቃል የሚተላለፍ ነው።

መልስ (ተረት ሰብሳቢ)
ፓያ ካንካክን አትጠራጠር፣ ተርጉመው። ዝናብ ከከለከለው የሰማይ ጌታ ከፓያ ቴን ጋር ተዋጋ፤ ምስጦች እስከ ሰማይ ኩይሳ ሠሩለት፣ ጊንጦች ጠላት ልብስ ውስጥ ተደበቁለት። ዝናብ ለመለመን ሮኬት የሚተኮስበት በዓል ቡን ባንግ ፋይም ከዚሁ ጋር ይተረካል። የረዱትን እንስሳት አንዱ ተራኪ ይጨምራል፣ ሌላው ይቀንሳል፤ ይህ የቃል ተረት ጠባይ ነው። ሰሜን ምሥራቅ ታይላንድም ላኦ ተናጋሪ ስለሆነ የታይላንድ ምንጭ መጠቀሱ ስህተት አይደለም። አንዱን እውነተኛ ብለህ አትምረጥ፤ የቱ ከየት እንደተሰበሰበ ጻፍ። ቦታም ሰብሳቢም የማይጠቅሰውን ብቻ አስወጣ።

ተርጓሚው
አመሰግናለሁ። የመንፈሱ ብሎግ ከጽሑፉ በኋላ የተጻፈ ሆኖ ቢገኝስ፣ ዝም ብዬ ልለፈው?

መልስ (ብራና ወዳጅ)
አትለፈው። በእንግሊዝኛው የውይይት ገጽ ላይ ሁለቱን ቀኖች ጎን ለጎን አስፍርና «ምንጭ ይፈልጋል» የሚለውን ምልክት ጨምር። ወደ አማርኛ ግን አታስገባው፤ በሌላ ቋንቋ መገኘቱን እንደ ማስረጃ የሚጠቅስ ሰው አይጠፋም።