በጀማ ዓሣ ላይ፦ መረቡ በክረምት ይሰብሰብ ወይስ ዓይኑ ይስፋ?

ጥያቄው፦ በሰሜን ሸዋው ጀማ ወንዝና በገባር ወንዞቹ በመረብ አስግሮ መሸጥ ከሐምሌ እስከ መስከረም ይዘጋ ወይስ የመረቡ ዓይን መጠን መወሰኑ ይበቃል? ሦስት ሰዎች ከየአካባቢያቸው ይከራከራሉ።

ከመርሐ ቤቴ፦ የዓይኑ መጠን ይበቃል። መረቡን ወጥራችሁ ከቋጠሮ እስከ ቋጠሮ ለኩት፤ 10 ሴንቲ ሜትር ካለው ጫጩቱ ሾልኮ ያመልጣል። መዝጋት ግን ፍልሰታን ያሳጣል። በጾም ዓሣ የማይቀምስ ብዙ ቢሆንም የሚበላው ሰው ከነሐሴ 1 እስከ 15 አጥብቆ ይፈልጋል።

ከእንሳሮ፦ ወንድሜ፣ ያሉት ለቆሮሶ (ቲላፒያ) ይሠራል። ቆሮሶ በዓመት ደጋግሞ ይራባል፣ እንቁላሉንም በአፉ ይዞ ይጠብቃል። ነጭ ዓሣ (የባርበስ ወገን) እንዲያ አይደለም። ለመራባት ዓመታት ይፈጅበታል፤ ውሃው ሲሞላ ተሰብስቦ ጠጠር ወዳለበት ገባር ይወጣል። በገባሩ አፍ የተዘረጋ ሰፊ ዓይን ጫጩቱን ለቆ እናቲቱን ያስቀራል፤ ሆዷ ሲቀደድ ከዳር እስከ ዳር እንቁላል ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የጣናን ነጭ ዓሣ ያመናመነው ወደ ሐይቁ በሚገቡት በእነ ጉማራና ርብ ወንዞች አፍ የተዘረጋ መረብ ነው።

ከደብረ ብርሃን፦ ስለ ገንዘቡ ልጨምር። ትልቁ ገበያ የሁዳዴው 55 ቀን ነው፤ መዝጊያው አይነካውም። አስጋሪውን የሚያከስረው ሙቀቱ ነው። ቆላ ላይ የተያዘ ዓሣ ስንጥቡና ሆድ ዕቃው ወዲያው ካልወጣ፣ ለ1 ኪሎ ዓሣ 1 ኪሎ በረዶ ካልተያዘለት፣ ደጋ ሳይደርስ ሥጋው ይላላል። ነጋዴውም ይህን ስለሚያውቅ ወንዙ ዳር ዋጋ ይሰብራል። ፊሌቶም (አጥንት የወጣለት ሥጋ) ቢሆን በጥንቃቄ ይሰላ፦ ከ3 ኪሎ ሙሉ ቆሮሶ የሚወጣው 1 ኪሎ ገደማ ነው። ከሙሉው ዓሣ ዋጋ በ3 እጥፍ የሸጠ የቢላዋውን ድካም እንኳ አላገኘም።

ከመርሐ ቤቴ፦ የገባሩን አፍ ተቀብያለሁ፣ ይዘጋ። ዋናው ጀማ ግን በመንጠቆ ክፍት ይቆይ። ባለፈቃዱን ከወንዙ ካስወጣችሁት ሌሊት ብርብራ (የዛፍ ፍሬ) ውሃው ላይ የሚበትነውን ማን ያያል? የፍሬው ዱቄት ዓሣውን አፍኖ ሲያንሳፍፍ ትልቅ ትንሽ አይልም። አዋጅ ቁጥር 315/1995 መርዝ ይከለክላል፤ ገደል ውስጥ ግን ጠባቂ የለም።

ከእንሳሮ፦ በመንጠቆው እስማማለሁ። መዝጊያው በመስከረም ያብቃ በሚለው ግን አልስማማም፤ ጎርፉ ዘግይቶ በጎደለበት ዓመት ዓሣው ከገባሩ ሳይመለስ መረቡ ይጠብቀዋል። መክፈቻው በወር ሳይሆን በውሃው መጥራት ይወሰን።

ከደብረ ብርሃን፦ ውሃው ጠራ የሚለው ማነው? ወንዙ የብዙ ወረዳ ድንበር ነው፤ አንዱ ዳር ከፍቶ ሌላው ከዘጋ የዘጋው ብቻ ይከስራል። ለሁሉም አንድ ቀን ይቆረጥ፣ እሱም ጥቅምት 1 ይሁን።