ስትራስበርግ “በልቶ ተኛ” ለምትሉ

(በ2024 መጀመሪያ የተደረገ ክርክር፤ ስለ ዋሽንግተን ናሽናልስ የቤዝቦል ፒቸር፣ ማለትም ኳስ ወርዋሪ፣ ስለ ስትራስበርግ ጉዳትና የ245 ሚሊዮን ዶላር ውል)

ባለ37፦
ትናንት ማታ አንድ የአማርኛ የስፖርት ፖድካስት ላይ ተንታኝ ተብዬው “ስትራስበርግ 245 ሚሊዮን በልቶ ተኛ፤ ሰው ከሆነ የቀረውን ትቶ ጫማውን ይስቀል” ሲል አዘጋጁ ከት ብሎ ሳቀ። በ2019 ኮንስቲትዩሽን ጎዳና ላይ ለዋንጫው ሲጨፍር የነበረ ከተማ ይህን ሲል አያፍርም? በዚያው ዓመት ፕሌይኦፍ (ከሲዝኑ በኋላ ለዋንጫ በሚደረገው ውድድር) 5 ድል 0 ሽንፈት፣ 36 ኢኒንግ (የጨዋታ ዙር) ከሲሶ፣ 47 ስትራይክአውት (መቺውን ያስወጣበት)፣ 4 ዎክ (መቺውን በነፃ ያሳለፈበት) ብቻ። በወርልድ ሲሪስ (በዋንጫው ፍጻሜ) ሂውስተን ላይ ጌም 6ን 8 ኢኒንግ ከሲሶ ባይወረውር ጌም 7 የሚባል ነገር አልነበረም። ማን ነው ተኝቶ የበላው?

ቁጥብ፦
የተንታኙ አነጋገር ይክፋ እንጂ ነገሩን አልሳተም። ያን ዋንጫ ያመጣው በድሮው የ175 ሚሊዮን ውል ነው፣ ተከፍሎበታል። ኖቬምበር 2019 ላይ ከዚያ ውል ወጥቶ፣ የቀረውን 100 ሚሊዮን ጥሎ፣ ዲሴምበር ላይ በ245 አዲስ ፈረመ። አዲሱ ለወደፊት ሥራ ነው። ከፈረመ ወዲህ 8 ጨዋታ፣ 31 ኢኒንግ ከሲሶ፣ 1 ድል 4 ሽንፈት፣ ኢአርኤ (በዘጠኝ ኢኒንግ በአማካይ የሚቆጠርበት ነጥብ) 6.89። ፒቸሩ ጊል ሜሽ በጃንዋሪ 2011 ትከሻው እምቢ ሲለው ያልሠራሁበትን አልወስድም ብሎ የካንሳስ ሲቲን 12 ሚሊዮን ትቶ ወጣ። ሰው እንዲህ ነው።

ሂሳብ ሹም፦
245፣ 245 ትላላችሁ፤ ውሉን ግን ያየው ያለ አይመስልም። በዓመት 35 ሚሊዮን ነው። ከዚህ ውስጥ 11.43ቱ ለኋላ ተቀጥሯል፤ ድምሩ 80 ሚሊዮን ሆኖ በ2027፣ በ2028 እና በ2029 ማብቂያ በሦስት እኩል ክፍያ ይሰጣል። በየዓመቱ እጁ የሚገባው 23.57 ነው ማለት ነው። 2020 ላይ ደግሞ በኮቪድ ምክንያት 162ቱ ጨዋታ ወደ 60 ሲወርድ የሁሉም ደሞዝ በዚያው ልክ ተቆርጧል፤ የሱ 35 ሚሊዮን 13 ገደማ ሆነ። እስከ 2023 የተቆጠረለት በጠቅላላ 118 አካባቢ ነው፤ ከሱም ቢያንስ 34ቱ ገና አልተከፈለውም። አሁን የሚያጣላው የ2024፣ የ25 እና የ26 ደሞዝ፣ 105 ሚሊዮን ነው። ስላልበላው ነው የምትጣሉት።

የባልቲሞሩ፦
118ን ለ31 ኢኒንግ ከሲሶ አካፈልኩት። አንዱ ኢኒንግ 3.77 ሚሊዮን ዶላር። እኛ በ2023 ሲዝን 101 ጨዋታ ያሸነፍነው በዚያ ግማሽ በሚሆን የሙሉ ቡድን ደሞዝ ነው። ቀጥሉ፣ ቀጥሉ።

ባለ37፦
101 አሸንፋችሁ ቴክሳስ በሦስት ጨዋታ ጠርጎ ቤታችሁ ላካችሁ። ሁለቱ ክለቦቻችን ይካፈሉት የነበረውን የማስን (የቴሌቪዥን ጣቢያ) ገንዘብ ስንት ዓመት በፍርድ ቤት ያንጠለጠለ ክለብ ደጋፊ ስለ ሰው ገንዘብ ባያወራ ይሻላል።

ወደ ቁጥብ። “ትቶ ይሂድ” ማለት ቀላል ነው። አሠራሩን ታውቀዋለህ? ተጫዋቹ በፈቃዱ ጡረታ ወጣሁ ብሎ ወረቀት ካስገባ በፈቃድ ከወጡት ዝርዝር ይገባና የቀረው ደሞዝ ያኔውኑ ይሞታል። ካላስገባ ክለቡ ሁለት መንገድ አለው፤ ወይ በየዓመቱ የ60 ቀን ተጎጂዎች ዝርዝር ላይ አስቀምጦ ይከፍላል፣ ወይ ያሰናብተውና ሙሉውን ይከፍላል። ሦስተኛው መንገድ ድርድር ነው፤ የክፍያውን ጊዜ አሸጋሽጎ ስምምነት ላይ መድረስ። በ2023 ኦገስት ላይ ሊወጣ ነው ተባለ፣ ለሴፕቴምበር 9 መግለጫ ተቀጠረ፣ ከዚያ ተሰረዘ። ባለቤቱ ማርክ ለርነርም በስፕሪንግ ትሬኒንግ (በቅድመ ሲዝን ልምምድ) እንጠብቀዋለን የሚል መግለጫ አወጣ። ክንዱን ማንሳት ለተሳነው ሰው ዌስት ፓልም ቢች ሪፖርት አድርግ!

ቁጥብ፦
ሪፖርት ማድረግ ሥራው ነው። ደሞዝተኛ አይደል?

ባለ37፦
ሪፖርት አድርጎ ምን ይሥራ? ኳስ ይልቀም? ፕሪንስ ፊልደር በ2016 አንገቱ ለሁለተኛ ጊዜ ተሰፍቶ ሐኪም አትጫወትም ሲለው የጡረታ ወረቀት አላስገባም፤ የቀረው ተከፈለው። ዴቪድ ራይትም በሴፕቴምበር 2018 የመጨረሻ ጨዋታውን ተጫውቶ ከሜትስ ጋር እስኪስማማ ድረስ ወረቀት አላስገባም። ለእነሱ ማንም በልተው ተኙ አላለም። የተጫዋቾች ማኅበርም ይህን ስለሚያውቅ ማንንም ሳንቲም አያስለቅቅም፤ አንዱ ከለቀቀ ነገ ሌላው ይጠየቃል።

ቁጥብ፦
የፊልደርን ከፊሉን ኢንሹራንስ ከፍሎለታል። የስትራስበርግ ውል ኢንሹራንስ የለውም ተብሎ ተዘግቧል። ስለዚህ እያንዳንዷ ዶላር ከክለቡ ኪስ ናት፣ ከክለቡ ኪስ ማለት ደግሞ ከሚቀጥለው ፒቸር ላይ የሚቀነስ ማለት ነው። ልዩነቱ ይኸው።

ነርሷ፦
ወንድሞቼ፣ የታመመው ምን እንደሆነ ሳታውቁ ስለ ሥነ ምግባር ታወራላችሁ። ቶራሲክ አውትሌት ይባላል። ወደ ክንድ የሚወርዱት ነርቮችና የደም ሥሮች የሚያልፉት ከአንገት ሥር እስከ ትከሻ በተጋደመው አጥንት (ክላቪክል) እና በመጀመሪያው የጎድን አጥንት መካከል ባለች ጠባብ ቀዳዳ ነው። ሺህ ጊዜ ከላይ ወደ ታች የሚወረውር ሰው እዚያ ያለው ጡንቻ ይወፍርና ነርቩን ይጫነዋል። ጣት ይደነዝዛል፣ ክንድ ይከብዳል፣ ኳሱ የት እንደሚሄድ አይታወቅም። ቀዶ ጥገናው የመጀመሪያውን የጎድን አጥንት ነቅሎ፣ ከአንገት የሚወርዱትን ጡንቻዎች ቆርጦ ማውጣት ነው። እሱ በጁላይ 2021 ተደረገለት። ከዚያ በፊት በ2020 በእጅ አንጓው ነርቭ ምክንያት ሌላ ቀዶ ጥገና ነበረው፤ ምልክቱ ከጣት ስለሚጀምር ምንጩን ለመለየት ጊዜ ይወስዳል።

በጁን 9 ቀን 2022 ማያሚ ላይ አንድ ጨዋታ ሞከረ፤ 83 ኳስ ወርውሮ 7 ነጥብ ተቆጠረበት። ከዚያ በኋላ በነበረው ልምምድ የቀሩት የጎድን አጥንቶቹ ጉዳት አሳዩ። የተነቀለውን አጥንት ሸክም ሌሎቹ ሲሸከሙ ሊመጣ የሚችል ነገር ነው። “ተኛ” የሚለው ሰው ይህን አይቶ ነው?

ቁጥብ፦
እህቴ፣ ስለ ሕክምናው አልከራከርም። ግን ሜሪል ኬሊ በ2020 ያንኑ ቀዶ ጥገና አድርጎ በ2023 ኦክቶበር ለአሪዞና የወርልድ ሲሪስ ጌም 2ን አሸነፈ። ስለዚህ ማንም የተነቀለለት አበቃለት ማለት አይደለም።

ነርሷ፦
አንድ ኬሊ ጠራህ። እኔ ደግሞ ያንኑ ቀዶ ጥገና ያደረጉትን ማት ሃርቪንና ክሪስ ካርፔንተርን ልጥራልህ። የራሳችሁ ዊል ሃሪስም በ2021 ያንኑ አድርጓል፤ ከዚያ ወዲህ አይታችሁታል? ነርቩ ከመለቀቁ በፊት ምን ያህል ተጎድቷል የሚለው ነው ወሳኙ፣ እንጂ ወኔው አይደለም።

ጋሽ ኢኒንግ፦
ሁላችሁም ዛፉን ትታችሁ ቅርንጫፉን ትቆርጣላችሁ። ይህ ሰው መበላሸት የጀመረው በ2012 ነው። የያኔው የክለቡ ሥራ አስኪያጅ ሪዞ 159 ኢኒንግ ከሲሶ ላይ አስቁሞት በኦክቶበር አስቀመጠው፤ ቡድኑ በጌም 5 ከካርዲናልስ 6 ለ 0 መርቶ 9 ለ 7 ተሸነፈ። ያን ክንድ ጠብቀናል ያሉት የት አደረሱት?

ባለ37፦
ጋሼ፣ በአክብሮት፣ ክርንን ከትከሻ ነርቭ ጋር ምን ያገናኘዋል? ሪዞ ያን ያደረገው በሴፕቴምበር 2010 ክርኑ ቶሚ ጆን (የጅማት ቀዶ ጥገና) ስለተደረገለት ነው። ከአንድ ዓመት በፊት ሌላውን ፒቸር ዚመርማንንም 161 ኢኒንግ ከሲሶ ላይ አስቁሞት ነበር፤ ያኔ ቡድኑ ስለማያሸንፍ ማንም አልጮኸም።

ጋሽ ኢኒንግ፦
ልጄ፣ ማስቆም አይደለም የምቃወመው፣ አቆጣጠሩን ነው። በኤፕሪል ከመጀመር በሜይ መጀመር፣ ወይ በየሦስት ሳምንቱ አንድ ተራ መዝለል፣ ወይ ስድስተኛ ፒቸር ጨምሮ ማፈራረቅ ይቻል ነበር። 160ዋ ለኦክቶበር ትተርፍ ነበር። እነሱ ግን ኦክቶበር ሳይደርስ ጨረሷት። በ2019 ደግሞ በተቃራኒው፦ 209 በሲዝኑ፣ 36 በፕሌይኦፉ። 245 ኢኒንግ ከሲሶ።

የባልቲሞሩ፦
245 ኢኒንግ፣ 245 ሚሊዮን። ሂሳቡ ተዘጋ፣ ለምን ትጣላላችሁ?

ባለ37፦
ለመጀመሪያ ጊዜ ከባልቲሞር ቁም ነገር ሰማሁ። በትክክል! የ2019ኙ ነው የተከፈለው። ክንዱን ያኔ አወጣላችሁ።

ቁጥብ፦
አይደለም። “ያኔ አወጣላችሁ” ካልክ ደሞዝ ወደ ኋላ ይከፈላል ማለትህ ነው። እንዲያ ከሆነ የክለቡ ጥፋት ከዚህም ይብሳል። 31 ዓመት ለሞላው፣ ክርኑ ለተሰፋ፣ በሥራ ዘመኑ 200 ኢኒንግ ሁለት ጊዜ ብቻ ለሞላ ፒቸር ሰባት ዓመት! በዚያው ሳምንት ያንኪስ ለ29 ዓመቱ ፒቸር ኮል 324 በዘጠኝ ዓመት ሰጠ፤ ኮል ይኸው በ2023 ሳይ ያንግ (የዓመቱ ምርጥ ፒቸር ሽልማት) ወሰደ።

ሂሳብ ሹም፦
ለርነር ያኔ የቡድን ጓደኛውን ሬንዶንንና ስትራስበርግን አንድ ላይ መያዝ አንችልም ብለው ነበር። ሬንዶንም ኤንጀልስ ዘንድ ያንኑ 245 በሰባት ዓመት ወሰደ። በአራት ዓመት የተጫወተው 52፣ 58፣ 47፣ 43፤ ድምር 200 ጨዋታ። ሌላውን ቢመርጡም እዚያው ነበሩ። ለማንኛውም ወሳኙ ዕድሜው ብቻ አይደለም። ዶጀርስ በዲሴምበር 2023 ለ25 ዓመቱ ጃፓናዊ ፒቸር ያማሞቶ 325 በ12 ዓመት ሲሰጥ ሰውየው በሜጀር ሊግ አንድ ኳስ አልወረወረም ነበር። በላዩ ላይ ለጃፓን ክለቡ ለኦሪክስ የመልቀቂያ ክፍያ አለ፦ ከመጀመሪያው 25 ሚሊዮን 20 በመቶ፣ ከሚቀጥለው 25 ላይ 17.5፣ ከቀረው 15 በመቶ። 5 ሲደመር 4.375 ሲደመር 41.25፤ 50.625 ሚሊዮን። ጠቅላላ ወጪው 375 አለፈ። ይህን ያህል ሲያወጣ ማን ተንታኝ ሳቀ?

ቁጥብ፦
ዶጀርስ ካልተሳካለት ሌላ ይገዛል። ናሽናልስ በ2023 71 አሸንፎ 91 የተሸነፈ ቡድን ነው። ሌላው ፒቸራችን ኮርቢን በ2024ም ወደ 35 ሚሊዮን ይወስዳል፣ ስትራስበርግ 35። ሁለት ሰው 70 ሚሊዮን! ኋላም ፍሪ ኤጀንት (ውሉ ያለቀ ተጫዋች) አምጡልን እያላችሁ ትጮኻላችሁ።

ባለ37፦
ኮርቢንን ከሱ ጋር አታወዳድር። ከ2021 እስከ 2023 16፣ ከዚያ 19፣ ከዚያ 15 ጊዜ ተሸነፈ።

ቁጥብ፦
ተሸነፈም፣ በሦስቱ ዓመት 31፣ 31 እና 32 ጊዜ ተነስቶ ወረወረ። ወጣት ፒቸሮች እንዳይደክሙ ያን ሁሉ ኢኒንግ የበላው እሱ ነው። የጌም 7ም ድል የተመዘገበው በስሙ ነው። ሥራው ላይ ተገኝቶ መሸነፍና ቤት መቀመጥ አንድ አይደለም።

ነርሷ፦
የጎድን አጥንቱ የተነቀለ ሰው “ቤት ተቀመጠ” ይባላል። ጥሩ።

ባለ37፦
ስለ ፍሪ ኤጀንት ካነሳህ እንነጋገር። ፒቸሩ ስኔል እስካሁን፣ በ2024 መጀመሪያ፣ አልፈረመም። 2.25 ኢአርኤ፣ ሁለተኛ ሳይ ያንግ። ቦታ አለን፦ ክለብ በደሞዝ ካለፈው ታክስ የሚከፍልበት የ2024 ጣሪያ 237 ሚሊዮን ነው፣ እኛ አጠገቡም አልደረስንም። ስለዚህ የስትራስበርግ 35 ማንንም አላገደም። ለርነር ማውጣት ስላልፈለጉ ነው እንጂ።

ቁጥብ፦
ስኔል! 180 ኢኒንግ የሞላው በ2018ና በ2023 ብቻ ነው። በመካከሉ ከ129 አልፎ አያውቅም። 99 ሰው በዎክ ያስገባ፣ 31 ዓመት የሞላው፣ ወኪሉ ቦራስ። የስትራስበርግም ወኪል ቦራስ። የ2023 ክለቡ ሳንዲያጎ የአንድ ዓመት ውል ጥያቄ ስላቀረበለት፣ እሱን ማስፈረም የድራፍት (ክለቦች አዲስ ተጫዋች የሚመርጡበት) ምርጫም ያስከፍላል። አንተ አንዴ የተቃጠልክበትን ምድጃ በሌላው እጅህ ልትነካ ነው።

ሂሳብ ሹም፦
ድራፍት ከሆነ የሚያስፈራችሁ ፒቸሩ ሞንትጎመሪ አለ፤ በሲዝን መሃል ወደ ሌላ ክለብ ስለተዛወረ ያ ጥያቄ ሊቀርብለት አልቻለም፣ ምርጫ አያስከፍልም። እሱም የቦራስ ነው እንጂ።

ከገንዘቡ ይልቅ አሁን የሚጎዳው ሌላ ነው። በክረምት የ60 ቀን ዝርዝር የለም። ወርልድ ሲሪስ ካለቀ ከአምስት ቀን በኋላ ሁሉም ተጎጂ ወደ ክለቡ የ40 ተጫዋቾች ዝርዝር ይመለሳል። ስለዚህ ስትራስበርግ ካምፕ እስኪከፈት ድረስ ከ40 ቦታ አንዱን ይዟል። አንድ ወጣት ከሩል 5 ድራፍት (ሌሎች ክለቦች ከዝርዝሩ ውጭ ያለን ወጣት ከሚወስዱበት) ልትከላከልበት የምትችለው ቦታ ነው። በፌብሩዋሪ አጋማሽ ካምፑ ሲከፈት ወዲያው ወደ 60 ቀኑ ያዛውሩታል።

ጋሽ ኢኒንግ፦
በ2012 ብትሰሙኝ ኖሮ…

ባለ37፦
ጋሼ፣ 2012ን እንተወው።

ቁጥብ፦
አንተ ደግሞ ሜሽን ተውከው። ከላይ ጠየቅሁህ፣ ስለ ፊልደር መለስክልኝ። ሜሽ 12 ሚሊዮን መተው ከቻለ ይሄኛው ለምን አይችልም?

ባለ37፦
ሜሽን በጁን 2009 አንድ ጨዋታ ላይ 132 ኳስ ያስወረወሩት እነማን ናቸው? ክንዱን የጨረሰው ክለብ 12 ሚሊዮኑንም አስቀረ። አንተ ለዚያ ታጨበጭባለህ።

ቁጥብ፦
132 ኳስ ተወው፣ ዝም ብሎ ነው የወረወረው? ማውንዱ ላይ ታስሮ ነበር?

ነርሷ፦
አሁን ደግሞ ስለ ሜሽ ትከሻ ልትጀምሩ ነው።

የባልቲሞሩ፦
ስለ ሜሽ ጀምሩ። በኢኒንግ ስንት እንደነበረ እያሰላሁ ነው።