ቤዜ መጋዘን መሰለ፤ ሰርቫይቫል ላይ ቤት እንዴት ነው የምታሳምሩት?

ሣጥን_ሰሪ

ሰላም ለሁላችሁ። ማይንክራፍት (በብሎክ የሚገነባበት ጌም) የምጫወተው ስልኬ ላይ ነው፣ ሰርቫይቫል (ዕቃውን ራስህ ለቅመህ፣ ከጭራቅ ተርፈህ የምትኖርበት)፣ ከታናሽ እህቴ ጋር አንድ ወርልድ አለን። ዳይመንድ አለኝ፣ ኔዘር (እሳታማው የታች ዓለም) ገብቼ ወጥቻለሁ፣ የስንዴ እርሻው ከሚያስፈልገን በላይ ነው። ችግሬ ቤቴ ነው። የመጀመሪያው ሌሊት ዞምቢ እንዳይበላኝ በኦክ ጣውላ የቀለስኩት አራት ማዕዘን ሣጥን ነበር፣ ቦታ ሲጠበኝ ጎኑ ላይ ሌላ ሣጥን ቀጠልኩ፣ ከዚያ ሌላ። አሁን ሦስት ሣጥን ተያይዞ ቁልፍ ጠፍቶበት የተረሳ መጋዘን ሆኗል።

ውስጡ ደግሞ ይብሳል። ዐሥራ አራት ቼስት (የዕቃ ማስቀመጫ) አለ፣ የትኛው ውስጥ ምን እንዳለ አላውቅም፣ ከሰል ፍለጋ ሁሉንም ስከፍት ይመሻል። ወለሉ ላይ በየሁለት እርምጃው ቶርች (ችቦ) ተክያለሁ። ባለፈው ለማሳመር ብዬ ምድጃ ሠራሁ። ኔዘርራክ (እሳት የማይጠፋበት የኔዘር ድንጋይ) ላይ እሳት ለኩሼ ዙሪያውን በድንጋይ ከበብኩት። እዚያው ከቤቱ ሥር ማዕድን ስቆፍር ቆይቼ ስወጣ ጣሪያው የለም። እህቴ ቀና ብላ ሰማዩን አየችና «ወንድም ጋሼ፣ አሁን ጥሩ ብርሃን ይገባል» አለችኝ።

ዩቲዩብ ላይ ያሉት ቤቶች በክሪኤቲቭ (ዕቃ ሁሉ በነፃ በሚገኝበት) የተሠሩ ቤተ መንግሥቶች ናቸው፣ ያን ሁሉ ዕቃ ከየት አመጣለሁ? እኔ በእጄ ባለው ነገር የሚሠራ፣ ደግሞ የሰው ኮፒ ያልሆነ ቤት ነው የምፈልገው። ከምን ልጀምር?

እሳት_አደጋ

ወንድሜ በጣሪያህ ሳቅኩ፣ ይቅርታ። አንድ ቤት ያላቃጠለ ተጫዋች የለም። የዚህ ጌም እሳት ወደ ጎን የሚዘለው አንድ ብሎክ ነው፣ ወደ ላይ ግን እስከ አራት ብሎክ ይደርሳል። ስለዚህ ጎን ጎኑን በድንጋይ ከበህ ላዩን ጣውላ ከተውከው ምንም አልሠራህም።

ካምፕፋየር አድርግ። ሦስት ግንድ፣ ሦስት ዱላ፣ አንድ ከሰል፣ በቃ። እሳቱ ወደ ሌላ ብሎክ አይዛመትም፣ ብቻ እላዩ ላይ አትቁም። ጭሱ ወደ ዐሥር ብሎክ ያህል ይወጣል። ሥሩ ሄይ ቤል (የታሰረ ጭድ) ከቀበርክ ደግሞ ከሃያ ብሎክ በላይ ሽቅብ ይሄዳል፣ ከሩቅ ሲታይ ሰው ያለበት ቤት ይመስላል። ማዕድን ፍለጋ ሄደህ መንገድ ሲጠፋብህም ቤትህን በጭሱ ታገኘዋለህ።

ቼስቶቹን ተዋቸውና ባሬል (በርሜል) ሥራ። ቼስት ላዩ ላይ ሙሉ ብሎክ ካለ አይከፈትም፣ ባሬል ግን ይከፈታል፣ የሚይዘውም እኩል 27 ቦታ ነው። ስለዚህ ግድግዳ ውስጥ እንደ መደርደሪያ አስገባው። አይተም ፍሬም (ዕቃ የሚሰቀልበት ክፈፍ) ለጥፈህ ምልክት ስታደርግ ግን ባሬሉ ፊት ላይ አትለጥፍ፣ ልከፍት ብለህ ስትነካው ፍሬሙ ውስጥ ያለው ዕቃ እየዞረ ያናድድሃል። በረድፎቹ መሃል አንድ መስመር ጣውላ ተውና እዚያ ላይ ለጥፍ።

ጨለማ_ፈሪ

የቶርቹን ነገር እኔ ልመልስ። የምትጫወተው አዲሱን ከሆነ ያን ሁሉ ቶርች አያስፈልግህም። ድሮ ብርሃኑ 7 እና ከዚያ በታች ከሆነ ጭራቅ ይወለድ ነበር፣ በፈረንጆቹ 2021 መጨረሻ ላይ በወጣው የጌሙ 1.18 ስሪት ግን ተቀየረ፣ አሁን የሚወለዱት ብርሃን ዜሮ የሆነበት ቦታ ላይ ነው። አንድ ቶርች 14 ይሰጣል፣ በየብሎኩ አንድ አንድ እየቀነሰ ይሄዳል። ቁጥሩን አስላውና ግማሹን ንቀል።

የቀረውን ደብቀው። ብርሃን በምንጣፍ ውስጥ ያልፋል። ወለሉን አንድ ብሎክ ቆፍረህ ዱባ ፋኖስ ክተት፣ ላዩን ምንጣፍ አንጥፍ። ዱባውን በመቀስ ትቀርጸዋለህ፣ ከቶርች ጋር ታጣምረዋለህ፣ 15 ብርሃን ይሰጣል፣ ግሎውስቶን (የሚያበራ ድንጋይ) ፍለጋ ኔዘር መውረድ የለም። ክፍሉ ይበራል፣ መብራቱ ግን አይታይም። እኔ መጀመሪያ የሞከርኩት ቀን ወጥቼ እየገባሁ ነው ያመሸሁት።

ባለጎጆ

እኔ የምኖረው ሜሪላንድ ነው፣ ይህን ጌም የጀመርኩት በልጄ ምክንያት ነው። ዐሥር ዓመቱ ነው፣ እዚሁ ነው የተወለደው። አንድ ቀን ወጥ እየሠራሁ «እማዬ፣ ጭቃና ስንዴ ሲደባለቅ ግድግዳ እንደሚሆን ታውቂያለሽ?» ብሎ ሮጦ መጣ። ማንኪያውን አስቀምጬ ሳቅኩኝ። እኔ እኮ ጎጃም አያቴ ቤት ሲመረግ ጭቃ የረገጥኩ ሰው ነኝ። ጭዱ ገብቶበት ለቀናት ይቦካል፣ ሽታው አሁንም አፍንጫዬ ላይ አለ። እሱ አዲስ ግኝት መስሎታል።

ለካስ ጌሙ ውስጥ እውነትም አለ። በ2022 ከወጣው 1.19 ጀምሮ ነው። ጠርሙስ ውኃ ይዘህ አፈር ላይ ስታፈስ ጭቃ ይሆናል። ሣር የለበሰው ብሎክ ላይ አይሠራም፣ እሱን ቆፍረህ መልሰህ ስታስቀምጠው ግን ተራ አፈር ነው፣ ይሠራል። ጭቃ ከአንድ ስንዴ ጋር ሲጣመር ፓክድ መድ (የታመቀ ጭቃ) ይወጣል፣ ከፈለግክ አራቱን አድርገህ መድ ብሪክ (የጭቃ ጡብ) ታደርገዋለህ። ለግድግዳ ፓክድ መዱን እንዳለ ተጠቀምበት፣ ጡቡ መስመር አለው፣ ይኼኛው ግን ልስን ይመስላል። እንዲያውም ሳትጨነቅ እዚህም እዚያም አንድ ሁለት ብሎክ ተራ አፈር ብትቀላቅልበት ዝናብ ያጠበው ግድግዳ ይሆንልሃል። የአያቴ ቤት በምዕራብ በኩል እንደዚያ ነበር።

ስለዚህ ለአንተ የምለው፣ ሣጥኑን አፍርስና ጎጆ ቀልስ። ስንዴ ተርፎኛል ብለሃል አይደል? ክብ መሥራት ያስፈራል እንጂ ቀላል ነው። ስፋቱን 13 አድርገው። በአራቱም አቅጣጫ 5 ብሎክ ቀጥ ያለ መስመር ጣል፣ ማዕዘኖቹን ደግሞ አንድ ደረጃ ገባ እያልክ 2 በአግድም 2 በቁመት እያደረግክ አገናኛቸው። ዙሪያው 36 ብሎክ ይሆናል። ቁመቱ አራት ከሆነ የበሩን ሁለት ቀንሰህ 142 ነው። ለዚያ 142 ስንዴ ይበቃል።

ስንዴ የሚበላው ክዳኑ ነው። ሄይ ቤል አንዱ 9 ስንዴ ነው። ከግድግዳው ትንሽ ወጣ ብለህ ከ15 ስፋት ጀምረህ እያጠበብክ እስከ ጫፍ ስትወጣ እኔ ጋ 165 ያህል ፈጅቷል፣ ወደ 1,500 ስንዴ ማለት ነው። አትደንግጥ፣ ሜዳ ላይ ያሉ መንደሮች ውስጥ ሄይ ቤል ተከምሮ ይገኛል፣ እኔና ልጄ ሦስት መንደር ዘርፈናል። (ቄሱ እንዳይሰማ።) ክዳኑ ሣር ስለሆነ ይቃጠላል። መብረቅ እንዳያነደው ጫፉ ላይ በሦስት መዳብ የሚሠራውን የመብረቅ ዘንግ ትከልበት። ሩቅ ሆነህ ስታየው ጉልላት ነው።

ውስጡን በተመለከተ ብዙ አታብዛ። መሃል ላይ አንድ ምሰሶ፣ ቅርፊቱ የተላጠ ስፕሩስ ግንድ። በግድግዳው ዙሪያ መደብ፣ ከመድ ብሪክ ደረጃ። ካምፕፋየሩን በሦስት ወገን የኮብልስቶን ዎል (አጭር የድንጋይ አጥር) አቁምለት፣ ጉልቻ ይሆናል። ወለሉ ላይ ቄጠማ የሚመስል ነገር ካስፈለገህ ሞስ ካርፔት (አረንጓዴ ምንጣፍ) ጎዝጉዝ። እሱን ማግኘት ቀላል ነው፣ አንድ ሞስ ብሎክ ብቻ ካገኘህ ድንጋይ ላይ አስቀምጠህ ቦን ሚል (የአጥንት ዱቄት) ስትሰጠው ዙሪያውን ይወርራል። የሸክላ ማሰሮውን በአራት ጡብ ትሠራዋለህ፣ ዕቃም ይይዛል። እኔ ጤፍ ስለሌለ ስንዴ ነው የማስቀምጥበት።

ቪላ_ብቻ

እትዬ በእውነት አሪፍ ነው፣ ግን አንድ ነገር ልበል። እኔ ያደግኩት ጭቃ ቤት ነው። ክረምት በገባ ቁጥር ጣሪያው የሚያፈስበት ቦታ ላይ ጎድጓዳ ሳህን የማስቀመጥ ሥራ የእኔ ነበር። ጌም ውስጥ እንኳ ጭቃ ልርገጥ? እኔ ነጭ ኮንክሪት፣ ትልቅ መስታወት፣ ዋና ገንዳ። አራት አሸዋ፣ አራት ጠጠር፣ አንድ ቀለም፣ ስምንት ዱቄት ይወጣል፣ ውኃ ሲነካው ይጠነክራል። ኮንክሪቱ ደግሞ አይቃጠልም።

ባለጎጆ

ገባኝ እኮ፣ እውነትህን ነው። የራቀው ሰው ነው ጭቃ ቤት የሚናፍቀው፣ ውስጡ ያደረ ሰው ገንዳ ቢያምረው አይፈረድበትም። ማይንክራፍት ላይ ግን ጣሪያ አያፈስም። አንድ ሄይ ቤል ካለህ በላይህ ደረቅ ነህ።

ቪላ_ብቻ

😂 እሺ እሱንስ ማን ነገረኝ። ግን ገንዳውን አልተውም።

እሳት_አደጋ

ሄይ ቤል ክዳን ያለው ቤት ውስጥ ክፍት እሳት የሚለኩስ ሰው ካለ እዚህ ፎቶ ይላክልኝ፣ ለቅሶ እመጣለሁ። ካምፕፋየር ብቻ!

ሣጥን_ሰሪ

ይኸው ሁለት ሳምንት ጠፍቼ መጣሁ። ጎጆው አለቀ። እትዬ ባለጎጆ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ልክ እንደነገሩኝ 13 ስፋት ነው ያደረግኩት። ጠርሙስ አንድ ብቻ ነበረኝ፣ ኩሬው ዳር ቆሜ እየቀዳሁ እያፈሰስኩ መቶ አርባ ሁለቴ፣ ጣቴ ደነዘዘ። እህቴ መሃል ላይ ሰልችቷት ሄዳ በግ ስታባብል ዋለች። ክዳኑ ላይ ስንዴ አልቆብኝ ጫፉ ለሦስት ቀን ክፍት ነበር።

ግን ወንድሞቼ፣ ሌሊት ከኮረብታው ላይ ሆኜ ሳየው ሌላ ነገር ነው። ጭሱ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ በሩ በኩል ቀይ ብርሃን ይታያል። አሮጌውን ሣጥን አላፈረስኩትም፣ ባሬሎቹን እዚያ ደርድሬ በሕግ መጋዘን አደረግኩት። ስሙን ካገኘ በኋላ አላስጠላኝም።

አንድ ችግር አለ። የኢንቻንት ጠረጴዛዬን (መሣሪያ ላይ አስማት የሚጨመርበትን) ጎጆው ውስጥ አስገባሁ፣ 15 የመጽሐፍ መደርደሪያ በዙሪያው አለ፣ ድሮ ሣጥኑ ውስጥ ደረጃ 30 ይሰጠኝ ነበር። አሁን ከ8 አልፎ አያውቅም። መደርደሪያዎቹን ሦስቴ ቆጠርኳቸው፣ 15 ናቸው። ምን ጎደለ?

ጨለማ_ፈሪ

ሞስ ካርፔት ጎዝጉዘሃል አይደል?

ሣጥን_ሰሪ

አዎ፣ ሙሉ ወለሉን።

ጨለማ_ፈሪ

እሱ ነው። በጠረጴዛውና በመደርደሪያዎቹ መሃል ያለችው አንዲት ብሎክ ባዶ አየር መሆን አለባት፣ ምንጣፍ እንኳ ካለባት መደርደሪያው አይቆጠርም። ጠረጴዛው ዙሪያ ያለውን ቄጠማ አንሳው፣ ሌላው ይቆይ።

ሣጥን_ሰሪ

30 ሆነ!! ተባረክ። ዙሪያውን ባዶ ቀለበት ስላደረግኩት እንዲያውም ሆን ብዬ የሠራሁት ነው የሚመስለው።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ጀበና አግኝቻለሁ፣ የአበባ ማሰሮ አስቀምጬ ትንሽ ካያችሁት ጀበና ነው በሉ። ሲኒ ግን አጣሁ። ሲኒ ምን ይሆናል?

ባለጎጆ

ነጭ ሻማ። አንድ ክርና አንድ የንብ ሰፈፍ ነው፣ ነጭ ቀለም ትነክረዋለህ። አንድ ብሎክ ላይ እስከ አራት ይገባል። ስላብ (ግማሽ ብሎክ) ላይ አራቱንም አስቀምጥና አታብራቸው፣ ረከቦት ላይ የተደረደረ ሲኒ ነው። ልጄ ነው ያገኘው፣ እኔ አይደለሁም።

ሣጥን_ሰሪ

እትዬ ሠራሁት፣ በጣም ያምራል። ከዚያ ንብ ቀፎው ጋ ደርሼ ስመለስ እህቴ ፍሊንቱን (እሳት መለኮሻውን) ከባሬል አውጥታ አራቱንም ሲኒ ለኩሳ ቁጭ ብላለች። «ቡናው ፈላ» ትላለች።

እሳት_አደጋ

ሻማ እሳት አያስተላልፍም፣ አትፍራ። ፍሊንቱን ግን ደብቅባት።