ከስልክ ቼዝ ወደ ውድድር ጠረጴዛ፦ ምን ልዘጋጅ?

የጦሳ ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ደሴ ነኝ። ቼዝ የምጫወተው በስልክ ነው፤ ከዚያ በፊት አጎቴ ሰንጠረዥ (የአገራችንን የጥንት ቼዝ) አስተምሮኛል። ኮምቦልቻ ላይ ለሚደረግ የአምስት ዙር ውድድር ተመዝግቤያለሁ፤ ጥሪው «15+10፣ ስዊስ» ይላል። የቼዝ ሰዓት ተጭኜ አላውቅም። ሕጉ ላይ ምን ልጠንቀቅ? ምንስ ይዤ ልሂድ? ሬቲንግ (የተጫዋች የአቅም ነጥብ) የሚገኘውስ እንዴት ነው?

ቦርከና

አብሽር ወንድሜ። ከስልክ የመጣ ሰው ጣጣው እጁ ላይ ነው። ስልኩ የማይሆን እርምጃ አይቀበልህም፤ ጠረጴዛው ላይ ግን ሁሉንም ማድረግ ትችላለህ፣ ቅጣቱ በኋላ ነው የሚመጣው።

የነካኸውን ትጫወታለህ። የራስህን ጠጠር ከነካህ፣ የሚሄድበት ቤት እስካለው ድረስ እሱን ማንቀሳቀስ ግዴታህ ነው። የተጋጣሚህን ከነካህ ደግሞ መብላት የሚቻል ከሆነ ትበላዋለህ። የተጣመመ ጠጠር ማቃናት ካሰኘህ በራስህ ተራ፣ መጀመሪያ «ላስተካክል» ብለህ ከዚያ ንካ። ነክተህ ከቆየህ በኋላ ብትናገር ዋጋ የለውም።

ሰዓቱን የምትጫነው ጠጠሩን ባንቀሳቀስክበት እጅ ነው። ካስሊንግም (ንጉሡንና ሩኩን በአንድ ተራ ማንቀሳቀስ) በአንድ እጅ ነው፦ ንጉሡ ቀድሞ ሁለት ቤት ይሄዳል፣ ሩኩ ይከተላል። ሩኩን ቀድመህ ከነካህ በዚያ ተራ በዚያ በኩል ካስሊንግ ቀረ፤ ሩኩን ትጫወታለህ። በሁለት እጅ አድርገህ ሰዓት ከተጫንክ እንደ ሕገወጥ እርምጃ ይያዝብሃል። በ15+10 (15 ደቂቃና በየእርምጃው 10 ሰከንድ ጭማሪ) የመጀመሪያው ሕገወጥ እርምጃ ለተጋጣሚህ 2 ደቂቃ ያስጨምርለታል፤ ሁለተኛው ጨዋታውን ያስበላሃል።

ጀማሪ በብዛት የሚቀጣው ወታደር ሲያነግሥ ነው። ወታደሩን መጨረሻው ረድፍ ላይ አድርሶ፣ በቦታው ንግሥት ሳያስቀምጥ ሰዓቱን ይመታል፤ ይህም ሕገወጥ ነው። ትርፍ ንግሥት በአጠገብህ ከሌለች ሩክ ገልብጠህ አታስቀምጥ፣ ሩክ ሆኖ ነው የሚቆጠረው። ሰዓቱን አቁምና ዳኛውን ጥራ፣ ንግሥት ያመጣልሃል።

የጦሳ ልጅ

ሰዓቱን እኔ ራሴ ማቆም እችላለሁ? «ቼክ» ማለትስ ግዴታ ነው?

ቦርከና

ዳኛ ለመጥራት ከሆነ አዎ፣ ሁለቱንም ወገን የሚያቆመውን ቁልፍ ተጫን፤ አጠቃቀሙን ከመጀመሪያው ዙር በፊት ዳኛውን ጠይቅ። «ቼክ» ማለት ግዴታ አይደለም፤ ተጋጣሚህም ላይልህ ስለሚችል ከእያንዳንዱ እርምጃ በፊት ንጉሥህን ተመልከት። አቻ ስትጠይቅ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ተጫወት፣ ከዚያ «አቻ?» በል፣ ከዚያ ሰዓቱን ተጫን። እምቢ ካለህ አትነዝንዘው።

ሐይቅ ዳር

ስለ ስዊስ፣ ማለትም ስለ ውድድሩ የድልድል ሥርዓት፣ ልጨምር። ማንም ተሸንፎ አይወጣም፣ አምስቱንም ዙር ትጫወታለህ። በየዙሩ የሚገጥምህ ነጥቡ ካንተ ጋር እኩል ወይም የተቀራረበ ሰው ነው፤ ከአንዱ ጋር ሁለት ጊዜ አትገናኝም። የመጀመሪያው ዙር ግን ለጀማሪ ከባድ ነው፦ ዝርዝሩ በሬቲንግ ተደርድሮ ለሁለት ይከፈልና የላይኛው ግማሽ ከታችኛው ጋር ይደለደላል። ሬቲንግ የሌለው ታች ስለሚሆን ጎበዝ ይደርስሃል። እዚያ ተሸንፈህ ጥለህ እንዳትሄድ፤ እኩያህን የምታገኘው ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ ነው። ተጫዋቹ ጎዶሎ ቁጥር ከሆነ አንድ ሰው ሳይጫወት ነጥብ ያገኛል፤ ያንተ ስም ከወጣ ቅጣት እንዳይመስልህ።

15+10 ማለት 15 ደቂቃ ሆኖ በየእርምጃው 10 ሰከንድ ይጨመራል። በ3 ደቂቃ ጨዋታ የለመደ እጅ እዚህ ይቸኩላል፣ 10 ደቂቃ ተርፎት ንግሥቱን ይሰጣል። ከአሁኑ ሊቼስ በሚባለው የኢንተርኔት ቼዝ ላይ 15+10 ብቻ ተጫወት፣ የሚቻል ከሆነም ስልኩን አጠገብህ አድርገህ እውነተኛ ሰሌዳ ላይ እያንቀሳቀስክ። ከዚህ የተሻለ ልምምድ አላውቅም።

ላስታ

ዕቃን በተመለከተ፦ ሰሌዳና ሰዓት አዘጋጁ ያቀርብ እንደሆነ አስቀድመህ ጠይቅ። ለራስህ የምትገዛ ከሆነ የቤቱ ስፋት ከ5 እስከ 6 ሳንቲሜትር፣ የንጉሡ ቁመት 9.5 ሳንቲሜትር ገደማ ይሁን፤ ነጩ ማዕዘን በቀኝህ ይውላል። በ15+10 እርምጃ መጻፍ ግዴታ ባይሆንም ረጅሙ ጨዋታ ላይ ግዴታ ስለሆነ አሁኑኑ ልመድ፦ «1. ኢ4 ኢ5 2. ኤንኤፍ3» እያልክ (ኤን ፈረስ ነው፣ ፊደልና ቁጥሩ የሚሄድበት ቤት)፣ ተጫውተህ ከዚያ ጻፍ። ቀድሞ መጻፍ አይፈቀድም።

የፊዴ (የዓለም አቀፉ ቼዝ ፌዴሬሽን) ሬቲንግ በአንድ ጊዜ ላይመጣ ይችላል። ውድድሩ ፊዴ ዘንድ የተመዘገበ መሆን አለበት፤ ሬቲንግ ካላቸው ሰዎች ጋር 5 ጨዋታ ያስፈልግሃል፤ በተለያየ ውድድር ቢጠራቀምም ይሆናል። ከመጋቢት 2024 (በፈረንጅ) ወዲህ ዝቅተኛው ሬቲንግ 1400 ነው። መለያ ቁጥሩ የሚወጣው በኢትዮጵያ ቼዝ ፌዴሬሽን በኩል ነው። ክለብ ከፈለግህ ከተማው ስፖርት ጽሕፈት ቤት ጠይቅ፣ ወይም እዚያው ውድድሩ ላይ ዳኞቹን። ጠፋ ብትባል አራት ሰው፣ ሁለት ሰሌዳና የታወቀ ቀን ካለ ክለብ ነው።

ሰንጠረዥ ማወቅህ ይጠቅማል፣ በቅርብ ርቀት ማየት ያስተምራል። ግን እዚያ ፈርዝ በማዕዘን አንድ ቤት፣ ፊል ዘሎ ሁለት ቤት ነው የሚሄደው። በእነሱ ቦታ ያሉት የቼዝ ንግሥትና ቢሾፕ ሰሌዳውን ከጥግ እስከ ጥግ ያቋርጣሉ፤ ስለዚህ ከመጫወትህ በፊት ከጥግ እስከ ጥግ የሚሄዱትን ረጃጅም ሰያፍ መስመሮች በዓይንህ ሂድባቸው።

ስልክህን ለዳኛው አስረክብ ወይም ቤት ተወው። ኪስህ ውስጥ ከተገኘ ጠፍቶም ቢሆን ጨዋታውን ልትሸነፍ ትችላለህ። የመጀመሪያው ዙር «9:00» ተብሎ ከተጻፈ በእኛ ጠዋት 3 ሰዓት ወይስ ከሰዓት 9 መሆኑን ደውለህ አረጋግጥ፤ ከተፈቀደው ሰዓት በላይ ያረፈደ ሳይጫወት ይሸነፋል።