የእርግዝና 21ኛ ሳምንት ላይ ነን፤ ምን ብለን እንጠይቅ?

ባለፈው ሳምንት ባለቤቴ አልትራሳውንድ ስትታይ ሐኪሟ እያወራችን ነበር። የልጃችን ጀርባ ጋ ስትደርስ ዝም አለች። መሣሪያውን እዚያው ቦታ ላይ ደጋግማ አመላለሰችው። ከዚያ «ስፓይና ቢፊዳ ነው» አለችን። አከርካሪው ሳይገጥም ቀርቶ ህብለ ሰረሰሩ ተጋልጧል።

ማህፀን ውስጥ እያለ ቀዶ ጥገና ይቻላል ተባልን። እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ ከ26ኛው ሳምንት በፊት ከተሠራላቸው ሕፃናት የጭንቅላት ፈሳሽ ማፍሰሻ ቱቦ ያስፈለጋቸው 40 ከመቶ ነበሩ። ከተወለዱ በኋላ ከተሠራላቸው ግን 82 ከመቶ። ያለጊዜው የመውለድ ስጋት ግን አለው፣ እናትየው ማህፀን ላይም ጠባሳ ይቀራል። ይሄ በጣም ያስፈራኛል።

አሁን ግራ የገባን ከቀዶ ጥገናው ጋር የሚሞከረው ስቴም ሴል (ወደ ሌላ ዓይነት ሴል የመለወጥ አቅም ያለው ሴል) ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በካሊፎርኒያ ዴቪስ ዩኒቨርሲቲ ከእንግዴ ልጅ የተወሰደ ስቴም ሴል ያለበት ልጣፍ፣ በቀዶ ጥገናው ወቅት በተጋለጠው ህብለ ሰረሰር ላይ ተደርጎ መሞከር ጀመረ። ቀዶ ጥገናው ክፍተቱን ይዘጋል፤ ሴሉ ደግሞ የተጎዳውን ነርቭ እንዲያግዝ ነው የታሰበው። ሙከራ እንጂ የተረጋገጠ ሕክምና እንዳልሆነ ገብቶኛል። ለዚህም ነው አንድ ክሊኒክ ደውሎ «በክፍያ እንሠራላችኋለን» ሲለን ደስ ያላለኝ። ሙከራ ላይ ያለ ነገር እንዴት ይሸጣል?

በዚህ ያለፋችሁ ወይም ሙያው ያላችሁ፣ እባካችሁ እርዱን። ሙከራ ውስጥ ለመግባት መጀመሪያ ማንን ነው የምናናግረው? የትኞቹን ምርመራዎች ይዘን እንቅረብ? ካልተቀበሉንስ ቀዶ ጥገናውን ብቻ ማሠራት ይበቃል? እስከ 26ኛው ሳምንት የቀሩን አምስት ሳምንታት ብቻ ናቸው።