ቫርኒሹ ነጭ ሆነብኝ፤ ነገ ጠዋት ርክክብ ነው!

ባለ በርጩማው፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ስድስት የዋንዛ በርጩማዎች ረጭቼ ሻይ ጠጥቼ ስመለስ ወተት የተደፋባቸው መስለው ጠበቁኝ። ቫርኒሹን ያቀጠንኩበት ቲነር የወትሮው ነው። ሻጩ ውኃ ደባልቆበት ይሆን? ደንበኛው ነገ ሁለት ሰዓት ላይ ይመጣል።

የሄርማታው አናጺ፦ በብርጭቆ ወረቀት ፍቀህ እንደገና ቀባ።

መምህርቷ፦ መጀመሪያ ቲነርህን እወቀው። በብዙዎቹ ውስጥ ኤቲል አሲቴት አለ፤ ከኮምጣጤው አሲድና ከአልኮል የሚሠራ፣ ኤስተር የሚባል ውሕድ ነው፤ በ77 ዲግሪ ይፈላል። በሙጫ፣ በማተሚያ ቀለምና በጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ውስጥም ይገባል። ካፌይንን ከቡና ለማውጣትም ይጠቀሙበታል።

ቡና ጠጪው፦ ካፌይን የሌለው ቡና? ያውም ጅማ ላይ? እናቴ ብትሰማ ጀበናውን ይዛ ትሰደዳለች።

ጋሽ ቀለም፦ ልጄ፣ ሻጩን አትክሰስ። ስትረጭ ይዘንብ ነበር?

ባለ በርጩማው፦ ሐምሌ አይደል እንዴ፣ ጋሼ? ሲዘንብ ነው የዋለው። እንዲደርቅልኝ አሁን የከሰል ምድጃ ላስገባ ነው።

መምህርቷ፦ እንዳታስገባ! የኤቲል አሲቴት ትነት ከዜሮ በታች 4 ዲግሪ ላይ እንኳ እሳት ይይዛል። ከአየር ሦስት እጥፍ ስለሚከብድ ወለል ለወለል ተስቦ ፍሙ ድረስ ይሄዳል፤ በአየሩ ውስጥ 2 በመቶ ከደረሰ ይበቃዋል። በርና መስኮቱን ክፈት።

የሄርማታው አናጺ፦ ፍቀህ ቀባ ብያለሁ።

ጋሽ ቀለም፦ ገና ያልተነቀለ በሽታ ፍቆ ምን ያደርጋል? ቲነሩ ቶሎ ሲተን ገጹን ያቀዘቅዘዋል፤ የዝናቡ እርጥበት እንደ ጤዛ ያርፍበትና ቫርኒሹ ውስጥ ይታሰራል። መድኃኒቱ ቀስ ብሎ የሚተን ቲነር ነው። ቡቲል አሲቴት የበዛበትን ፈልግ፤ የሚፈላው በ126 ዲግሪ ነው፣ ሽታው ሙዝ ሙዝ ይላል። እሱም ቢሆን ይነዳል፣ ከእሳት አርቀው። ቫርኒሽ ሳትጨምር ስስ አድርገህ አንዱ በርጩማ ላይ ብቻ ሞክር። ገጹ ሲለሰልስ እርጥበቱ ይወጣል፣ ነጩም ይጠፋል። ዝናቡ እስኪያባራ ግን ጠብቅ።

ቡና ጠጪው፦ ሙዝ ከሸተተ የሰፈሩ ልጆች ይሰለፉብሃል።

ባለ በርጩማው፦ ምድጃው ወጥቷል። ቀለም ቤቶቹ ተዘግተዋል፤ ከጎረቤት ጋራዥ ግማሽ ሊትር ለመንኩ። ሽታው እንዳላችሁት ነው። ዝናቡ ግን አሁንም አላባራም።

መምህርቷ፦ ነጋ። እንዴት ሆነ?

ጋሽ ቀለም፦ ልጄ፣ አለህ?

የሄርማታው አናጺ፦ እየፋቀ ይሆናል።