ማስት ሴሎቼ ሳይነኩ ሂስታሚን ይለቃሉ፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ለሁላችሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ቦታ ላይ ተቸክያለሁ፤ እባካችሁ እርዱኝ።

ከሰው ሳንባ ቲሹ ማስት ሴሎችን (የአለርጂ ምላሽ የሚያስነሱ የመከላከያ ሴሎችን) በኮላጅኔዝ (ቲሹን በሚበትን ኢንዛይም) እለያለሁ። ከዚያ በፀረ-አይጂኢ አንቲቦዲ (ሴሎቹ ላይ ያለውን የአለርጂ አንቲቦዲ፣ አይጂኢን፣ በሚይዝ) ቀስቅሼ የሚለቁትን የአለርጂ ኬሚካል፣ ሂስታሚንን፣ እለካለሁ። ችግሩ ምን መሰላችሁ? ምንም ያልጨመርኩበት ቱቦ ራሱ ከጠቅላላው ሂስታሚን 25 በመቶ ያህሉን ይለቃል። ፀረ-አይጂኢ ስጨምር ቁጥሩ ፈቀቅ አይልም። በካልሲየም አዮኖፎር (ካልሲየምን በቀጥታ ወደ ሴሉ በሚያስገባ ውህድ) ግን አሪፍ አድርገው ይለቃሉ።

እንግዲህ የሴሎቹ ከረጢቶች ባዶ አይደሉም ማለት ነው። ካልሲየም ከገባ የመልቀቂያው መንገድም ይሠራል። የጠረጠርኩት የሴሎቹን የላይኛውን ገጽ ነው። ወይ ኢንዛይሙ ጎድቶታል፣ ወይ ተቀባዮቹ ላይ ያለው አይጂኢ አንሷል።

ሙቀቱ 37 ዲግሪ ነው። ማጠቢያው ካልሲየም የለውም፤ ከመቀስቀሴ በፊት እጨምራለሁ (አንዴ ረስቼዋለሁ፣ እሱን ቀን ተዉት)። 20 ደቂቃ እጠብቃለሁ፤ ሂስታሚን ቀድሞ ተሠርቶ የተቀመጠ ስለሆነ ይበቃዋል ብዬ ነው። ሉኮትሪንና ፕሮስታግላንዲን ዲ2 የሚባሉት ሌሎች የአለርጂ ኬሚካሎች ግን ሴሉ ከተቀሰቀሰ በኋላ ከአራኪዶኒክ አሲድ (በሴል ሽፋን ካለ የቅባት አሲድ) የሚሠሩ ናቸው። እነሱን ብለካ ሳይቀሰቀሱ የሚለቁት መነሻ መጠን ዝቅ ይልልኝ ይሆን?

ሴሎቹን በአይጂኢ አሳድሮ የሞከረ አለ? ወይስ መጀመሪያ ኮላጅኔዙን ልቀንስ?